የተራራው ምሽግና የሜዳው ከተማ አንድ አይደሉም

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ በታሪክ ዓምድ በዛሬዋ ሩማኒያ ስለ ነበረችው ስለ ጥንታዊቷ የዳሲያ መንግሥት መዲና ስለ ሳርሚዜጌቱሳ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። የራሳችን ታሪክ በወጉ ሳይጻፍ የሩማኒያ ተራራ ምን ይረባናል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ጽሑፉ ሮማውያን ከተማይቱን አፍርሰው በፍርስራሿ ላይ አዲስ ከተማ እንደ ቆረቆሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ገልጾ አልፏል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም።

የዳሲያው ንጉሥ የዴኬባሉስ መቀመጫ የነበረችው ሳርሚዜጌቱሳ በኦራሽቲዬ ተራሮች ላይ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ የተሠራች ናት። ጮቄን እያየን ላደግን ለእኛ ይህ ከፍታ ቆላ ይመስላል፤ የዚያ አገር ክረምት ግን በረዶ ነው። ቅጥሯ ሁለት የጥርብ ድንጋይ ገጽ ያለው ሲሆን በመካከሉ አፈርና ኮረት ተሞልቶበታል። ሁለቱ ገጾች እንዳይላቀቁ ከአንዱ ወደ ሌላው የእንጨት ማሰሪያ ተጋድሟል፤ የማሰሪያው ጫፍ የሚገባበትም መቀመጫ፣ ወደ ውስጥ ሰፋ ወደ አፉ ጠበብ ብሎ በድንጋዩ ራስ ላይ ተፈልፍሏል። እንጨቱ በስብሶ ከጠፋ ዘመናት ቢያልፉም ፍልፍሉ ዛሬም በግልጽ ይታያል። የኖራ ድንጋዩ ራሱ የዚያ ተራራ አይደለም፤ ከሩቅ ካባ ተጭኖ ሽቅብ የወጣ ነው።

የሮማው ንጉሠ ነገሥት ትራያን በዳሲያ ላይ ሁለት ጊዜ ዘመተ። የመጀመሪያው ዘመቻ ከ101 እስከ 102 እ.ኤ.አ. የተካሄደ ሲሆን ዴኬባሉስ እጁን ሰጥቶ ዙፋኑን ይዞ ቀረ። ዳሩ ግን ምሽጎቹን መልሶ ማደስ በመጀመሩ ሮማውያን በ105 ተመለሱ፤ በዚህ መካከል የደማስቆው አፖሎዶሮስ በዳኑብ ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ድልድይ ሠርቶላቸው ነበር። በ106 መዲናይቱ ወደቀች፤ ዴኬባሉስም ከመማረክ ብሎ ራሱን ገደለ። ታሪክ ጸሐፊው ካሲዩስ ዲዮ እንደሚነግረን፣ ንጉሡ የሳርጌቲያን ወንዝ በምርኮኞች ጉልበት አስቀይሶ ሀብቱን ከወንዙ ሥር ቀብሮ ውሃውን ወደ ቦታው መልሶት ነበር፤ ምስጢሩን ያወጣው የተማረከው ባልንጀራው ቢኪሊስ ነው።

ጽሑፋችሁ የዘለለው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ሮማውያን መቅደሶቹን አፈራረሱ፤ ምሽጉን ግን አልተዉትም። አራተኛው ፍላቪያ ፊሊክስ ከሚባለው ሌጌዎን (የሮማ ክፍለ ጦር) የተነጠለ ጦር እዚያው ሰፈረ፤ ቅጥሩንም አሰፋው፤ ለማስፊያውም የዳሲያውያንን ሕንፃዎች ድንጋይ እያነሣ ተጠቀመ። ስለዚህ ዛሬ ጎብኚው የዴኬባሉስ ግንብ ነው ብሎ ፎቶግራፍ የሚያነሣው ቅጥር፣ በከፊል ያሸነፈው ወታደር በተሸነፈው ሰው ድንጋይ የገነባው ነው። ጦሩ ብዙም ሳይቆይ ለቅቆ ሄደ። የሮማ ግዛት የሆነችው ዳሲያ መዲና የተቆረቆረችው በሌላ ቦታ፣ ከተራራው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሃትሴግ ሜዳ ሲሆን፣ በዚያም ጡረተኛ ወታደሮች ሰፈሩ፤ አደባባይና የትርዒት ሜዳም ተሠራ። ለዚች አዲስ ከተማ ሮማውያን ኡልፒያ ትራያና የሚለውን የንጉሠ ነገሥታቸውን ስም ሰጥተው፣ የተራራዋን ስም ሳርሚዜጌቱሳን ጨመሩበት። ስሙን ይዘው ሕዝቡን ከተራራው አራቁ ማለት ነው። ጽሑፋችሁ ሁለቱን ከተሞች ያደባለቀው በስሙ ተታልሎ ይመስለኛል።

ዳሲያውያን ስለ ጦርነቱ የጻፉት ታሪክ አልደረሰንም። የምናየው በ113 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የቆመውን፣ ጦርነቱ የተቀረጸበትን የትራያንን ዓምድ፣ ማለትም የአሸናፊውን ሥዕል ነው። (ሮም ሐውልት መትከልም መውሰድም ታውቅበታለች፤ የአክሱሙ ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ሄዶ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው።) እንዲህ ባለ ታሪክ ድንጋዩ ዋና ምስክር ስለሆነ የትኛውን የድንጋይ ድርድር ማን እንደ ገነባው ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም በመርጡለ ማርያም ያለውን የጥንት ፍርስራሽ ያሳየን አስጎብኚ የተቀረጸውን ድንጋይ ሁሉ ለንግሥት እሌኒ ሰጥቶ ጨረሰ። እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሠራችው ቤተ ክርስቲያን ከፈረሰ በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን መልሰው እንደ ሠሩት ብጠይቀው፣ «እሱ አይነሣም» አለኝ። ለምን አይነሣም? የእነሱን እጅ ለይተን ብናሳይ የእሌኒ ሥራ ይበልጥ ይታወቅ ነበር እንጂ አይቀንስም ነበር። በቡሬና በደብረ ማርቆስ ጣሊያን ሠርቶት የነበረውንም ምሽግ በዚሁ ዓይን አየዋለሁ፤ አርበኞቻችን የከበቡት ምን ዓይነት ግንብ እንደ ነበረ ካልተለካና ካልተመዘገበ ተጋድሏቸውም በስማ በለው ይቀራል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ሁለቱን ሳርሚዜጌቱሳዎች ለየብቻ የሚያሳይ ካርታ የያዘ ተከታይ ጽሑፍ እንዲያወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከተራራው በሕገ ወጥ ቆፋሪዎች ተዘርፈው የወጡትን፣ የሩማኒያ መንግሥትም ከውጭ አገር አፈላልጎ ብዙዎቹን ያስመለሳቸውን የዳሲያ የወርቅ አምባሮች ጉዳይም ቢጨምርበት ደግ ነው፤ ከእነዚህ ሦስቱ ለዐውደ ርእይ ተልከው በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ከኔዘርላንድ ሙዚየም ዳግመኛ ተሰርቀዋልና።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ