የክፍል ቴሌግራም ግሩፖች መመሪያ ይውጣላቸው

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችና ከወላጆች ጋር በኢንተርኔት የሚገናኙበትን አሠራር ይመለከታል

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የመልመጃ ወረቀት በቴሌግራም መላክ ተለመደ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ልማዱ ስለቆየ፣ እኔ በምኖርበት በአራዳ ክፍለ ከተማም ሆነ በአጎራባች አካባቢዎች ለየክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ የከፈቱ ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ «የቤት ሥራዬን ልይ» ብሎ የእናቱን ስልክ ሲጠይቅ መከልከል አስቸጋሪ ሆኗል።

ስለ ልጆች የኢንተርኔት ደኅንነት ሲነሣ ሁላችንም ቀድመን የምንወቅሰው ቲክቶክን ነው። ሆኖም ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካውንት እንዳይከፍት በደንባቸው ይከለክላሉ፤ ክልከላው በተግባር ቢላላም ወላጅ «አይፈቀድልህም» ለማለት መነሻ ይሆነዋል። የክፍሉን ግሩፕ የከፈተው ግን ራሱ ትምህርት ቤቱ በመሆኑ ወላጁ የሚከራከርበት አፍ የለውም።

የመግቢያው ሊንክ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ማን እንደገባ ግሩፑን የሚያስተዳድሩት መምህር እንኳ ለይተው ላያውቁ ይችላሉ፤ የገባ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአባላቱን ዝርዝር ያያል፣ ሲፈልግም ለአንዱ ወይም ለሌላው በግል ይጽፋል። ስልኩ የወላጅ ቢሆንም መልእክቱን ቀድሞ የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ልጁ ነው። «አሁን የደረሰህን ኮድ ላክልኝ» የሚለው ማታለያ አዋቂዎችን ሳይቀር አካውንታቸውን አስነጥቆ፣ በስማቸው ከዘመድ ወዳጅ ገንዘብ ሲጠየቅበት የኖረ ነው፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መልእክቱ ከመምህሩ የመጣ መስሎት ኮዱን ቢልክ አይፈረድበትም። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ገንዘቡን ሳይሆን ልጁን ፈልጎ የሚመጣው፣ በጨዋታና በስጦታ እያባበለ ቀስ በቀስ ፎቶ ወደ መጠየቅ የሚያልፈው ሰው ነው።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን አዲስ በጀት አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ የሚያስተላልፈው በግሩፕ ሳይሆን አስተዳዳሪው ብቻ በሚጽፍበት የቴሌግራም ቻናል ቢሆን የተከታዮቹን ዝርዝር የሚያየው አስተዳዳሪው ብቻ ነው፤ ወላጆችም ሆኑ ሰርገው የገቡ ሰዎች እርስ በርስ አይተያዩም። ጥያቄ ያለው ወላጅ በኮሙኒኬሽን ቡክ ይጻፍ፤ ደብተሩ እኮ ዛሬም በየልጁ ቦርሳ ውስጥ አለ።

የፎቶውም ነገር ከዚሁ አይለይም። ደረጃ የወጡ ልጆች ከነዩኒፎርማቸው፣ ከነሙሉ ስማቸውና ከነክፍላቸው በትምህርት ቤት ገጾች ላይ ይለጠፋሉ። ወላጅ ደስ ብሎት ያጋራዋል፤ ለማያውቀው ሰው ግን ልጁ የት እንደሚውልና በምን ስም ሊጠራው እንደሚችል ተነገረው ማለት ነው። ቢያንስ ስምና ፎቶ አብረው እንዳይወጡ፣ ፎቶም ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ እንዳይለጠፍ ቢሮው መከልከል ይችላል።

ሕግ አልጎደለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት ቀዳሚ ትኩረት እንዲሰጠው ያዛል፤ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 12 በኮምፒዩተር አማካይነት ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸሙ የወሲብ ወንጀሎችን ይቀጣል። የጎደለው ልጁ መጀመሪያ የሚነግረው ሰው ነው። ብዙ ልጆች የሚደብቁት ስልኩ እንዳይቀማባቸው ወይም እንዳይገረፉ ፈርተው ነው። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ስሙ ለተማሪዎች የተነገረ፣ ሳይቆጣ የሚያዳምጥ አንድ መምህር ይመደብ፤ እርሱም የላኪውን አካውንትና የጽሑፍ መልእክቱን ስክሪንሾት ይዞ ወደ ፖሊስ እንዴት እንደሚሄድ ይሠልጥን። ወላጆች በንዴት መልእክቱን ሁሉ ሲያጠፉ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋልና ይህ ለእነርሱም በወላጅ ስብሰባ ላይ ሊነገር ይገባል።

ቢሮው እነዚህን ነጥቦች የያዘ መመሪያ አውጥቶ ከሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ በፊት ለመንግሥትም ለግልም ትምህርት ቤቶች እንዲያደርስ፣ የፎቶ ፈቃዱም ከምዝገባ ቅጹ ጋር እንዲያያዝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የሁለት ተማሪዎች እናት፣ አራዳ ክፍለ ከተማ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ