ሁለቱን አንድ ላይ ለወሰዳችሁ፦ ምስጋናና አደራ

የተከበራችሁ የኮምቦልቻ ቤተሰቦች፣

«አንዱን ብቻ እንወስዳለን» ያለን ብዙ ነበር። እናንተ ግን ሁለቱን ውሾች፣ አንበሴንና ቡቺን፣ ሳትነጣጥሉ ቤት ሰጣችኋቸው። አብረው ያረጁ ውሾች ሲለያዩ ምግብ ይተዋሉ፣ ሌሊቱን ሲያላዝኑ ያነጋሉ፤ አሥር ዓመት የሞላው ትልቅ ውሻ ደግሞ ጥቂት ቀን ሳይበላ ከቆየ ቶሎ አያገግምም። አላህም እግዜርም ይስጥልን።

በየማለዳው በራፋቸው ላይ ባልዲ ውሃ የሚያኖሩላቸው ሀጂ፣ ዕድሜ ይስጥልን። 40 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 2 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ባልዲው ማታ ጠብታ አይገኝበትም ነበር። የሰፈራችን ባለ ሥጋ ቤትም የበግ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ወርውሮ አያውቅም፤ ከፈላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያቆየዋል። ጥሬው ውስጥ ሊኖር የሚችለው፣ የትል እጭ የያዘው የውሃ ከረጢት ውሻው ሆድ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ይሻገራል። ሹፌራችን ደግሞ ፒካፑ ላይ ጆንያና ጭድ ደልድሎ የሐረጎን ቁልቁለት በዝግታ ወረደልን። ያረጀ ዳሌ በሚያንሸራትት ላሜራ ላይ ከተንገዳገደ ቀናት ያነክሳል።

አሁን አደራችንን ስሙን። ምግባቸውን በቀን ሁለቴ፣ በየሳህናቸው፣ ተራርቀው ስጧቸው፤ አንበሴ የራሱን ጨርሶ የቡቺን ይሻማል። ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ይረፉ። ደረተ ጥልቅ ውሻ ሆዱ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ ሆዱ ተነፍቶ ሊያስመልስ እየታገለ ምንም ካልወጣው፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ጥሩ፤ እስኪነጋ ላይቆይ ይችላል።

ወጥ የነካው እንጀራ አይቅመሱ፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ከሁሉ በላይ፣ ሲያነክሱ አይታችሁ አንጀታችሁ ቢላወስም የሰው ሕመም ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን፣ እንዳትሰጧቸው! የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ለቁርጥማቱ የሚሻለው ከሲሚንቶው የሚለያቸው ወፍራም ምንጣፍና ጠዋትና ማታ አጭር የእግር ጉዞ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃልና ቀትር ላይ አታውጧቸው፤ ጆሯቸውንና የጣታቸውን መሃል ለመዥገር ፈትሹ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዳቸው ከብርድ ልብሳቸው ጋር ታስሯል፤ በየዓመቱ ይታደሳል። ብርድ ልብሱን ግን ለሁለት ሳምንት አትጠቡት፤ ጠረኑ የሚያውቁት ቤት ነው።

ሲንከባከቧቸው የቆዩ ጎረቤቶች፣ ደሴ