የልጆቼን ካር ሲት ማንም አልጠየቀኝም

ይድረስ ለመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው፣ መካከለኛው 4 ዓመቱ፣ ትንሿ ገና 8 ወሯ። ሦስቱም መኪና ውስጥ የሚቀመጡት በተለያየ ካር ሲት፣ ማለትም መኪናው ወንበር ላይ በሚታሰር የልጆች ወንበር ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። የመኪና አደጋ ሲመዘገብ በሚሞላው ቅጽ ላይ ስለ ልጆች ካር ሲት የሚጠይቅ አንድ መስመር ይጨመርልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር በፊት ልጆቼን ይዤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀስ ብዬ እየታጠፍኩ ነበር። ከጎን የመጣ መኪና የኋላውን የግራ በር መታው። ከበሩ አጠገብ የነበረችው ሕፃኗ ናት። ልጆቹ ደንግጠው አለቀሱ እንጂ ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን ነው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ቅጽ ሞላ። የኢንሹራንሱ ሰው ፎቶ አነሳ። ጋራዡ በሩን፣ መስታወቱን፣ ቀለሙን፣ የተጫረውን ፓራውልት ሳይቀር አንድ በአንድ ጻፈ። ስለ ሦስቱ ካር ሲቶች ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔው ራሴ ሳነሳው «ምንም አልሆኑም እኮ፣ ደህና ናቸው» ተባልኩ። አመንኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጆቼን በእነዚያው ወንበሮች አመላለስኩ።

ከዚያ አንድ ማታ የሕፃኗን ወንበር መመሪያ አውጥቼ አነበብኩ። ግጭት የደረሰበትን ወንበር አትጠቀሙ ይላል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ካር ሲት ከላይ ሲታይ ጨርቅ ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን ከጨርቁ ሥር ያለው ፕላስቲክና ፎም፣ እንዲሁም ማሰሪያው ነው። ግጭት ሲመጣ የምቱን ኃይል የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ፎሙ አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛውን ምት እንደ መጀመሪያው አይችለውም። ፕላስቲኩ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊይዝ ይችላል። ማሰሪያውም ተለጥጦ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጨርቁን አይቶ «ደህና ነው» ማለት አይቻልም።

ይህን ለመወሰን የሚያስችል መመዘኛ ደግሞ አለ። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር ግጭቱ ቀላል ነበር ለማለት አምስት ነገሮች ሁሉም መሟላት አለባቸው ይላል። መኪናው ከአደጋው ቦታ በራሱ ተነድቶ መሄድ ከቻለ፣ ለወንበሩ የቀረበው በር ካልተጎዳ፣ ከተሳፋሪዎቹ ማንም ካልቆሰለ፣ ኤርባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ የሚወጣው የአየር ከረጢት) ካልፈነዳ፣ ወንበሩም ላይ የሚታይ ጉዳት ከሌለ። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ወንበሩ ይቀየራል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ከዚህም የጠበቀ መመሪያ አላቸው፤ ግጭቱ ቀላል ቢሆንም ይቀየር ይላሉ። የእኔ መኪና አራቱን ያሟላ ነበር። በሩ ግን ተጨራምቷል። በሩ መጎዳቱን ደግሞ ፖሊሱም፣ የኢንሹራንሱም ሰው፣ ጋራዡም ጽፈውታል። መልሱ እጃቸው ላይ ነበር። የጎደለው ጥያቄው ብቻ ነው።

ለዚህ ነው አንድ መስመር የምለምንዎ። «መኪናው ውስጥ የልጆች ካር ሲት ነበር ወይ? ስንት?» ይህ ከተጻፈ የኢንሹራንሱ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። በሩን የሚከፍል ድርጅት ከበሩ አጠገብ የነበረውን ወንበርም መክፈል አለበት። በድንጋጤ ግራ የገባው ወላጅም ቅጹን ሲያይ ያስታውሳል። ደግሞ ላስታውስዎ፣ ሰው ባይኖርበትም ወንበሩ መኪናው ውስጥ ታስሮ ከነበረ ምቱ ደርሶታል። ጥያቄው «ልጅ ነበረ ወይ?» ብቻ ከሆነ ግማሹ ያመልጠናል።

ሌላው የሚያሳስበኝ ከግጭት የወጣ ወንበር የት እንደሚሄድ ነው። ካር ሲት ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የእህት ልጅ የጨረሰውን የወንድም ልጅ ይወርሳል። ይህ ክፉ ነገር አይደለም፤ የወንበሩን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ሲሰጥ ደግ ነገር ነው። እኔም መካከለኛው ልጄ የተቀመጠበትን ከእህቴ ነው የተቀበልኩት። ግን ከማያውቁት ሰው የተገዛ ወንበር ተጋጭቶ ይሁን አይሁን ማን ይናገራል? ዕድሜም አለው። ብዙዎቹ ከተመረቱ ከ6 እስከ 10 ዓመት ድረስ ነው የሚያገለግሉት፤ የመኪና ውስጥ ሙቀትና ፀሐይ ፕላስቲኩን ያደክማል። ቀኑ ከወንበሩ ሥር ወይም ከጀርባው ተጽፏል፣ ማንም ግን ገልብጦ አያየውም። የእህቴን ወንበር ስገለብጠው ጊዜው ሊያልፍ አራት ወር ቀርቶት ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ከግጭት የወጣ ወንበር እንዳይሸጥ ቢከለክል፣ ሲወገድም ማሰሪያው ተቆርጦ እንዲጣል ቢያዝ አንድ ሌላ ቤተሰብ ይድናል።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ፣ ምክንያቱም ስህተቴ እዚያም ላይ ነበር። ሁላችንም ወንበር የምንመርጠው በዕድሜ ነው። «ስንት ዓመቱ ነው?» ብለን እንጀምራለን። ነገር ግን እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች በቁመትም በክብደትም ሊራራቁ ይችላሉ። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129 ወንበሮችን የሚለየው በልጁ ቁመት ነው። ከዚህ ጋር ልጁ ቢያንስ 15 ወር እስኪሞላው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ እንዲቀመጥ ያዛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ በ2018 እ.ኤ.አ. ዕድሜን ትቶ፣ የወንበሩ የክብደትና የቁመት ልክ እስከፈቀደ ድረስ ልጁ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቀመጥ አለ።

እኔ መካከለኛውን ልጄን ልክ አንድ ዓመት ሲሞላው ወደ ፊት አዞርኩት። እግሩ ስለታጠፈ አሳዘነኝ። ማንም «ቆይ» አላለኝም። የሕፃን ጭንቅላት ለሰውነቱ ከባድ ነው፣ የአንገቱ አጥንትም ገና አልጠነከረም። መኪና በድንገት ሲቆም ወደ ፊት የዞረ ሕፃን ሰውነቱ በማሰሪያው ይያዛል፣ ጭንቅላቱ ግን ወደ ፊት ይወረወራል። ወደ ኋላ ከዞረ ግን ጀርባውን፣ አንገቱንና ጭንቅላቱን ወንበሩ አንድ ላይ ይይዛቸዋል። የታጠፈ እግር ከአንገት ጋር አይወዳደርም። ይህን የሚያስረዳ አንድ ቀላል ሥዕል በየክትባት ክፍሉና በየማዋለጃው ቢለጠፍ ምንኛ በጠቀመኝ። ከሥዕሉ ሥር አንድ ነገር በጉልህ ይጻፍልን፦ ኤርባጉ በሚሠራ የፊት ወንበር ላይ ወደ ኋላ የዞረ ካር ሲት በፍጹም አይታሰርም።

ስለ ትልቋም ልንገርዎ። «እኔ እኮ ትልቅ ነኝ» እያለች ቡስተሩን፣ ማለትም ቀበቶው በልኳ እንዲሆን ከፍ የሚያደርጋትን መቀመጫ መተው ትፈልጋለች። የመኪና ቀበቶ የተሠራው ለትልቅ ሰው ነው። ልጅ ብዙውን ጊዜ ቁመቱ 1 ሜትር ከ45 ገደማ እስኪደርስ በልኩ አይሆነውም። እኔ አሁን ያለ ቡስተር አስቀምጬ የማየው እንዲህ ነው። ጀርባዋ ወንበሩን ነክቶ ጉልበቷ ጠርዙ ላይ ይታጠፋል? የታችኛው ቀበቶ ሆዷ ላይ ሳይሆን ዳሌዋ ላይ ያርፋል? የላይኛው ትከሻዋ መሃል ላይ ነው ወይስ አንገቷን ይነካል? ገና ነች። ስለዚህ ቡስተሯ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔም ክርክሩን እችለዋለሁ።

ሕግ ማውጣት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ1978 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የቴኔሲ ግዛት ሕግ በአሜሪካ ስለ ልጆች ካር ሲት የመጀመሪያው ነበር። ዶክተር ሮበርት ሳንደርስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ብዙ ደክመውበታል። ሕጉ ሲጸድቅ ግን አንድ ቀዳዳ ገባበት፤ ሕፃኑን ትልቅ ሰው ካቀፈው ካር ሲት አያስፈልግም ተባለ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ግድግዳ መምታቱ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። በዚያች ቅጽበት ልጅ ይዞ የሚቀር ክንድ የለም። ያ ቀዳዳ የተደፈነው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ በእነዚያ ዓመታት መሃል የታቀፉት ልጆች ናቸው። የእኛም ቅጽ ቀዳዳ አለው። ለመድፈን አዲስ አዋጅ አይጠይቅም፣ አንድ መስመር ነው።

ቅጹን የሚያዘጋጁት ሰዎች ጉዳቱ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጉ የሕፃኗ ወንበር እኔ ዘንድ አለ። ማሰሪያውን ቆርጬዋለሁ። ጨርቁን ስገፈው በበሩ በኩል ያለው ፎም ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኘሁት። ቀንና ሰዓት ከነገሩኝ ይዤው እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስት ልጆች እናት