ገንዘባችን ቴስታታው ላይ ይዋል

ውድ አባላት፣

የአሮጌ መኪናችሁን ሞተር ጉልበት ለመጨመር ያሰባችሁ፣ ትልቅ ካርቡሬተር ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት፣ ለኩ። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቩ እያሳለፈ ሊሆን ስለሚችል፣ ያ ሳይጠገን የሚወጣው ወጪ ሁሉ ብክነት ነው።

የሞተሩ ታችኛው ክፍል ጤነኛ ከሆነ ያለችንን ገንዘብ ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል፣ ላይ እናውል። የማኒፎልዱን (ቴስታታው ላይ የሚታሰረውን የቱቦ ክፍል) ቀዳዳ ከቴስታታው ቀዳዳ ጋር ማመሳሰል ከገንዘብ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኮምፕሬሽኑ እንዲጨምር የቴስታታውን የታች ገጽ ማስላጥም ጥሩ ነው። ለምሳሌ ባለ 1600 ሲሲ አራት ሲሊንደር ሞተር፣ የኮምፕሬሽን ምጥጥኑ ከ8 ለ 1 ወደ 9 ለ 1 እንዲደርስ የእያንዳንዱ ማቃጠያ ክፍል ይዘት ከ57 ሲሲ ገደማ ወደ 50 መውረድ አለበት። ከተላጠ በኋላ ግን ፒስተኑ ላይ ለስላሳ የልጆች መጫወቻ ጭቃ (ፕላስቲሲን) አድርጋችሁ፣ ቴስታታውን ገጥማችሁ ሞተሩን በእጅ አዙሩ፤ በቫልቩና በፒስተኑ መካከል የቀረውን ክፍተት ጭቃው ያሳያችኋል። እኔ ይህን ዘልዬ ሁለት ቫልቭ አጣምሜአለሁ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የምትቀይሩ መለስተኛውን ምረጡ። በመጨረሻም የካርቡሬተሩን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) እና የማቀጣጠያውን ጊዜ እንደገና አስተካክሉ፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ካንኳኳ ማቀጣጠያውን ወዲያው አዘግዩት።