ለእማዬ፣ ስለ ጥርስሽ

አዲስ አበባ፣ የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስፈለገ እንዳትይኝ። በስልክ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ግን እስከ መጨረሻው ታነቢያለሽ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠርሽ ወዲህ የተጻፈ ነገር ጀምረሽ ስትተዪ አይቼሽ አላውቅም።

መጀመሪያ የልጆቹን ወሬ ልንገርሽ። ትልቋ ስድስት ዓመት ሞላት። የፊት ጥርሷ ወለቀ። እኛ እንደምናደርገው ቆርቆሮው ላይ ወረወርነው፣ ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች። ጥርስ ሐኪም ዘንድም ወሰድኳት። ከወተት ጥርሶቿ ኋላ አዲስ መንጋጋ ወጥቶላታል። ይሄኛው ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ዝም ብሎ ስለሚወጣ ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ ይመስለዋል አለኝ ሐኪሙ። የዕድሜ ልክ ጥርስ ነው ለካ። ላዩ ላይ ያለው ስርጉድ ምግብ እንዳይዝ ወዲያው የሚደርቅ ነገር ቀብቶ ደፈነላት። ምንም አላመማትም። ማሙሽ ገና ሁለት ዓመቱ ስለሆነ የጥርስ ሳሙናው የሩዝ ፍሬ ብታክል ትበቃዋለች፤ ለእሷ የአተር ፍሬ ታህል። ማታ ጥርሳቸውን ከቦረሹ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አይቀምሱም። ይቆጡኛል፣ ግን ለምደውታል።

እኔ አምስተኛ ክፍል ሆኜ የተነቀልኩት ያንኑ መንጋጋ ነበር። ቢሞላ ኖሮ ይተርፍ ነበር። ግን ያኔ ጥርስ ካመመ ይነቀላል፤ ሌላ መላ እንዳለ ማን ነግሮሽ? በሱ አልተቀየምኩሽም። የተቀየምኩሽ በሌላ ነው።

ለጥምቀት ስመጣ ከታቦቱ ጋር እስከ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት በእግርሽ ወረድሽ። ጉልበትሽ ገረመኝ፣ ደስም አለኝ። በማግሥቱ ቤት ገብተን ድፎው ሲቆረስ ግን ጠርዙን ለእኛ ሰጥተሽ፣ አንቺ ልቡን ሻይ ውስጥ እየነከርሽ በላሽ። ቆሎው በጣሳው እንደሞላ ነበር። በአንቺ ቤት ቆሎ ሳይነካ ሲያድር አይቼ አላውቅም። ቀሚስሽም ትከሻሽ ላይ ሰፍቶሻል። ስትስቂ በነጠላሽ ጫፍ አፍሽን ትሸፍኛለሽ። ይህን ሁሉ ዘመን ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ማታ ስታዛጊ ነጠላው ወረደ። ምላስሽ ጎን ላይ ያለውን ቁስል ያኔ አየሁት። «የተሰበረው ጥርስ ነክሶኝ ነው፣ ይድናል» አልሽኝ። ዛሬ ስድስተኛ ሳምንቱን ይዟል። አልዳነም። እታለም ናት የነገረችኝ፤ አስምዬ ነው ያናገርኳት፣ እንዳትቆጫት።

እማዬ፣ የአባባን ነገር እንዳትደግሚብኝ።

ፈተና ላይ ናት ብላችሁ ደበቃችሁኝ። «አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ነይ» ተብዬ መጣሁ። ከባጃጅ ስወርድ ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ለእኔ አዝናችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስድስት ወር ሲታመም አንድ ቀን እግሩን አላጠብኩትም። አንድ ሌሊት አጠገቡ አላደርኩም። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያውቀው የከረመውን እኔ ልጁ ከድንኳን ሰማሁት። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው፣ አንስተነው አናውቅም። አንቺ ቡና ታፈያለሽ፣ እኔ የልጆች ወሬ አወራለሁ። ከላይም ያደረግኩት እሱኑ ነው።

አሁን ሐኪሙ የነገረኝን ልንገርሽ። የልጄን ጥርስ አይቶ ሲጨርስ ያንቺን ጠየቅኩት። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል፣ ቢያምም ባያምም፣ መታየት አለበት አለኝ። የተሰበረ ጥርስ ስለት ምላስን እየፋቀ ሊያቆስል ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ስለቱን ያለሰልሱታል ወይም ጥርሱን ይነቅሉታል፣ ቁስሉንም ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቀው ያዩታል። ካልዳነ ትንሽ ናሙና ቆርጠው ይመረምራሉ። ምን ፈልገው እንደሚመረምሩ አንቺም ታውቂያለሽ። ስሙን ልጽፈው ብዕሬን አንስቼ አቃተኝ። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ይታከማል። ስድስት ሳምንት ያቃጠለኝ ለዚህ ነው።

ድድሽንም ያዩልሽ። በሰርግሽ ፎቶ ላይ ጥርስሽ እንደዚያ ነጥቶ የሚታየው በንቅሳቱ ነው፤ ሁልጊዜ አደንቀዋለሁ። ግን የተነቀሰ ድድ ቢቀላም መቅላቱ አይታይም። እኔ ደሙን መፋቂያሽ ላይ ነው ያየሁት። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይጎዳል፣ የታመመ ድድ ደግሞ መልሶ ስኳሩን እንቢ ያሰኘዋል። መፋቂያሽን ጣይ አልልሽም። ጫፉ በደንብ ታኝኮ ከለሰለሰ የወይራ መፋቂያ ጥሩ ነው። በጥርስ መካከል ግን አይገባም፣ ጥርስ የሚያጠነክረው ፍሎራይድም የለውም። ስለዚህ ከጾም ሽሮው ጋር የላክሁልሽ ለስላሳ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና አለ። ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። የማታውን በፍጹም አትዝለዪ። አረፋውን ትፊውና በብዙ ውሃ አትጉመጥመጪ፣ ሳሙናው ትንሽ ይቆይበት። ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ቁስሉ ላይ ማድረጉን ደግሞ ዛሬውኑ አቁሚ። ሥጋውን ያቃጥለዋል።

ቀጠሮ አስይዤልሻለሁ፣ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል። አንቺ እስከ ዛሬ «ኮሌጁ» የምትይው። የተወለድሽውም እሱ በተከፈተበት ዓመት ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1954፤ አባባ «እኩዮች ናችሁ» ይልሽ ነበር። ተማሪዎች ከበው ቢያዩሽ አትደንግጪ፣ የጥርስ ሐኪሞችም የሚማሩት እዚያው ነው። መጀመሪያ በመስታወት ያዩሻል፣ ራጅ ያነሱሻል። ጥርስሽ ላይ የጋገረውን ድንጋይ ያጥቡልሻል። ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል የሚባለውን ሰምቼዋለሁ፣ አንቺም ታምኚዋለሽ። ጥርሱን የሚያላላው ግን ድዱን ይዞ የተቀመጠው ድንጋይ ነው። ሲነሳ ተሸፍኖ የነበረው ክፍተት ስለሚገለጥ ነው የላላ የሚመስለው። የሚሞላው ይሞላል። ነርቩ የተነካም ቢኖር ውስጡ ታጥቦና ተሞልቶ ሊቆይ ይችላል፣ ሁሉም አይነቀልም። የሚነቀለውን በመርፌ አደንዝዘው ነው የሚነቅሉት።

ለማደንዘዣው ባዶ ሆድ አያስፈልግም። እንዲያውም ስኳር ስላለብሽ ሳትበዪ እንዳትሄጂ። ጾሜ ትያለሽ ብዬ እታለምን ወደ ነፍስ አባትሽ ልኬያት ነበር፤ ለሕክምናው ብለው ፈቅደውልሻል። የግፊቱንና የስኳሩን ኪኒን፣ ያቺን ትንሿን አስፕሪንም፣ ከነማሸጊያቸው ያዢና ለሐኪሙ አሳዪ። አስፕሪኗን ግን በራስሽ እንዳታቆሚ።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ይተከልልሽ ስልሽ «ለማን ልስቅ ብዬ» አልሽኝ። እንድትበዪበት ነው እማዬ። ሥጋም ጎመንም ሳታኝኪ እየዋጥሽ፣ ወይም ሻይና ዳቦ ብቻ እየበላሽ እንዴት ትከርሚያለሽ? የሚወልቀው ዓይነት ከሆነ ማታ አውጥተሽ፣ በብሩሽ አጥበሽ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ታሳድሪዋለሽ። በፈላ ውሃ እንዳይነካ፣ ይጣመማል።

ብሩን ለእታለም በቴሌብር ልኬያለሁ። ለፋሲካ ያሰርሽውን በግ እንዳትሸጪ።

ረቡዕ ከሰዓት አዘዞ እወርዳለሁ። ቀጠሮው ሐሙስ፣ የካቲት 26 ነው። መድኃኔዓለም በማግሥቱ ስለሆነ በበዓል አታሳቢ። ሐኪሙ ሲያናግርሽ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። «አንቺ ውጪ ጠብቂኝ» እንዳትይኝ፣ አልወጣም። የሚለውን፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሁለታችንም እኩል እንስማው።

እስከዚያው ሽሮውን በርበሬ ቀንሺለት፣ ቁስሉን እንዳይለበልብሽ። እንጀራውንም ፈትፍተሽ ብዪ። ቆሎውን ተዪው፣ እኔ ስመጣ እጨርሰዋለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ