ሌሊቱን አብራችሁን ለነቃችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጃችን ቤቷ ገብታለች።

ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ምን ያህል እንደጓጓሁ ጌታ ያውቃል። የደወላችሁ፣ መልእክት የላካችሁ፣ በጾም በጸሎት ያሰባችሁን ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ መልስ መስጠት አልቻልንም። ስለዚህ ባለቤቴና እኔ ምስጋናችንን እዚሁ እናድርስ ብለናል።

ነገሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጃችን የተወለደችው ገና በሰባተኛው ወር መግቢያ ላይ ነው። ኪሎ እንኳ አልሞላችም። በዚያ ጊዜ የሚወለድ ሕፃን ሳንባው ገና አልበሰለም። የሳንባን የአየር ከረጢቶች ክፍት አድርጎ የሚይዘው ሰርፋክታንት የሚባለው ነገር በበቂ አይኖረውም። መተንፈስ ራሱ ከባድ ሥራ ይሆንበታል። አንዳንዴም ትንፋሽ ይረሳል። አዎ፣ ይረሳል። ሞኒተሩ ይጮሃል። ነርሷ ሕፃናቱ በሚተኙበት የማሞቂያ ሣጥን መስኮት እጇን አስገብታ የልጄን ውስጥ እግር በጣቷ ታሻሸዋለች። ልጄ ትባንንና እንደገና ትተነፍሳለች። ነርሷ እጇን ታወጣና ወደሚቀጥለው ሕፃን ትሄዳለች። ይህ በአንድ ሌሊት ስንቴ እንደሚደጋገም ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። እናንተ የዚያ ክፍል ነርሶችና ሐኪሞች፣ እጃችሁ ይባረክ። ብድራችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ።

ቀጥሎ የማመሰግነው የባለቤቴን እናት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እኔ መጸለይ አቅቶኝ ነበር። አፌ የሚያወጣው «ፈቃድህ ይሁን» የሚለውን ብቻ ነው። ሌላ ነገር ለመለመን ፈራሁ። እሳቸው ግን አልፈሩም። ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ አንተ ነህ የፈጠርካት። ለእኛ ስጠን። ትኑርልን» አሉ። ዙሪያ ጥምጥም የለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ አባትሽ እኮ ነው፤ የምትፈልጊውን ንገሪው» አሉኝ።

ጌታ ኢየሱስ ራሱ በጌቴሴማኒ ሲጸልይ በመጀመሪያ የለመነው ጽዋው እንዲያልፍለት ነው። «እኔ የምወደው አይሁን» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ልቡን ለአባቱ ገለጠ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለችው መበለት ዳኛውን እስክታሰለቸው ስትመላለስ ጌታ አልነቀፋትም፤ ምሳሌ አደረጋት እንጂ። ሐናም በቤተ መቅደስ የምትፈልገውን ለይታ ነው የለመነችው፤ ወንድ ልጅ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በስም በስሙ ለመንኩ። «ዛሬ ትንፋሽ አትርሳ። ዛሬ ወተቱን ሆዷ ይቀበል። ዛሬ ክብደት ትጨምር።»

አሁን ስለ ባለቤቴ ልጻፍ። እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። አንድ ማታ ከማሞቂያው አጠገብ ቁጭ ብለን የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 11ን እናነብ ነበር። «የጸለያችሁትንና የለመናችሁትን ሁሉ እንዳገኛችሁት እመኑ» የሚለውን ይዘን ነበር ስንጸልይ የሰነበትነው። እሱ ግን ቀጣዩን ቁጥር አነበበ። «ለጸሎትም በቆማችሁ ጊዜ» ይልና በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉት ይላል። ዝም አለ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ማን ምን እንዳደረገ የሚገልጽ ነገር እዚህ አልጽፍም። የቤተሰብ ጉዳይ ነው፣ ደግሞም አልቋል። ባለቤቴ መጽሐፉን አጠፈና ወጥቶ ደወለለት። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «ጋሼ እየመጣ ነው» አለኝ። በዚያው ሌሊት መጣ። ወንድማማቾቹ በሩ ላይ ተቃቅፈው ቆሙ። ጋሼ፣ ያን ሌሊት በመምጣትህ፣ ከዚያም በኋላ አንድ ቀን ባለመቅረትህ እግዚአብሔር ያክብርልን።

ይቅር ስላልን ልጃችን ተፈወሰች ግን አልልም። በማግስቱ ባሰባት። ኢንፌክሽን ወደ ደሟ ገባ። ቆዳዋ አመድ መሰለ። መታዘዝ ለፈውስ የሚከፈል ዋጋ አይደለም፤ ሂሳብ ሠርተን እግዚአብሔርን አናስገድደውም። ባለቤቴ የታዘዘው ጌታ ስላለው ነው። በቃ። በዚያ ቀን ሦስቱ የዳንኤል ወዳጆች አምላካችን ያድነናል ካሉ በኋላ «ባያድነንም እንኳ» ማለታቸው ገባኝ። ሁለቱንም በአንድ አፍ ነው ያሉት። የጸሎት ቡድናችን እህቶችና ወንድሞች፣ በዚያ ሌሊት ተራ ገብታችሁ እስኪነጋ ጸለያችሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዳችሁ «ተራው የእኔ ነው፣ አንቺ ትንሽ ጋደም በይ» ብላ የላከችልኝ መልእክት እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ። ደም ስትፈልግም የለገሳችሁ ወጣቶች፣ ተባረኩ። በልጃችን ውስጥ የእናንተም ደም አለ።

በዚያ ክፍል ልጃቸውን ይዘው ያልወጡ እናቶች አሉ። አጠገቤ ተቀምጠው ጸልየዋል፣ አልቅሰዋል፣ አምነዋል። የእነሱ እምነት ከእኔ ያነሰ ነበር የሚል ሰው ካለ፣ እባካችሁ በእኔ ፊት አይናገረው። ለምን እንደዚያ ሆነ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ከእነሱ አንዷ የራሷን ልጅ ከቀበረች በኋላ ተመልሳ መጥታ ስለ ልጄ ጸልያለች። ከእሷ የበለጠ ደፋር ጸሎት አልሰማሁም። እህቴ፣ ስምሽን አልጠራም፤ ምስጋናዬ ግን ይድረስሽ።

ልጃችን አንቲባዮቲኩን ከጀመረች በኋላ ቀስ በቀስ መለስ አለች። ከዚያ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለውን ጀመርን። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያዋ ቦጎታ የተጀመረ ነው። ሕፃኑን ዳይፐር ብቻ አድርጎ፣ ባዶ ደረት ላይ አስተኝቶ፣ ከላይ በጨርቅ ማሰር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ይመክራል። እኔ ከቀዶ ጥገናው ገና አላገገምኩም ነበርና ብዙውን የወሰደው ባለቤቴ ነው። ሸሚዙን አውልቆ፣ ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ወንበሩ ላይ ለሰዓታት ይቀመጣል። እንዳትነቃ ብሎ ሳሉን ሲውጥ አይቻለሁ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጠጋ ብዬ ሰማሁት፤ መዝሙር አልነበረም፣ «ተንፍሺ የኔ እናት፣ ተንፍሺ» ነበር። የቤት ራስ ስለመሆን ብዙ ስብከት ሰምቼአለሁ። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ውዴ፣ አመሰግንሃለሁ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች፣ መጥታችሁ ስለጸለያችሁልን፣ «ሐኪሞቹ የሚሏችሁን ሁሉ አድርጉ» ብላችሁም ስለመከራችሁን እናመሰግናለን። ትልልቅ ልጆቻችንን ያሳደራችሁ፣ ትምህርት ቤት ያመላለሳችሁ ጎረቤቶቻችን፣ ውለታችሁ አለብን።

አሁን ልጃችን ያለ ኦክስጅን ትተነፍሳለች፣ ትጠባለች፣ ስታለቅስ ጎረቤት ይሰማል። የዓይንና የጆሮ ምርመራ ይቀራታል። ጸሎታችሁን እንዳታቋርጡ። በዚያ ክፍል ለቀሩት ሕፃናትና እናቶችም ጸልዩላቸው፤ እየጠራችሁ፣ የሚያስፈልጋቸውን ለይታችሁ። ልታዩአት የምትመጡ፣ ደጃችን ክፍት ነው። ሐኪሞቹ ግን ለጊዜው አትሳሙ ብለውናል። ጉንፋን የያዘው ሰው እስኪሻለው ይታገሰን። የመጣችሁም በር ላይ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ግቡ። ውሃውን የምታስታጥባችሁ የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ሥራውን ለማንም አልሰጥም ብላለች።