የአባትህን መሣሪያ አትሽጥ

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ዝም ብዬ መጥፋቴን ይቅር በለኝ፤ ስንገናኝ እስኪወጣልህ ትሰድበኛለህ። አሁን የምጽፍልህ የሰዓት ጥገና ሱቁን ልትዘጋ፣ የአባትህንም መጠገኛ መሣሪያ ጠቅልለህ ልትሸጥ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው። የነገረችኝ እህትህ ናት፤ እንዳትቆጣት።

በቅርቡ ሰሜን እንግሊዝ ባርናርድ ካስል የምትባል ከተማ ሄጄ፣ ቦውስ ሙዚየም ውስጥ በፈረንጅ 1773 ለንደን የተሠራውን፣ በሞላ የሚንቀሳቀሰውን የብር ስዋን አየሁ። ያ አንገተ ረጅሙ የውሃ ወፍ ነው፤ መጠኑም የእውነተኛውን ያህላል። ሞላው ሲለቀቅ ሙዚቃ ይጀምራል፤ ከሥሩ የተጋደሙት ጠመዝማዛ የመስታወት ዘንጎች ሲዞሩ ወንዝ የሚፈስ ይመስልሃል። ወፉ ግራ ቀኝ ያያል፣ ላባውን ይነካካል፣ ጎንበስ ብሎ ዓሣ ይዞ ቀና ይላል፣ ይውጣታል። ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው፤ እንባዬ ግን መጣ። ዓሣዋን እኮ ከውሃው አያነሣትም! መንቁሩ ውስጥ በዘንግ ተይዛ ተደብቃ ነው የምትኖረው። አባትህ ይህን ቢያዩ ኖሮ ማታውኑ አንተን ቀስቅሰው ይሞክሩት ነበር።

ባለቤቱ ጌጣጌጥ ነጋዴው ጄምስ ኮክስ ነበር፤ ውስጡን የሠራው ግን ዛሬ ቤልጂየም በምንለው አገር የተወለደው ጆሴፍ ሜርሊን ነው ይባላል። በ2020 ሙዚየሙ በወረርሽኙ ሲዘጋ ስዋኑም ሥራ ፈትቶ ቆመ። ባለሙያዎች አንድ በአንድ ፈታትተው፣ አጽድተው፣ በ2024 ነው እንደገና ያስነሡት።

ከኮክስ ይልቅ እኔ ልቤን የሚወስደው ሩሲያዊው ኩሊቢን ነው። የኮክስ ሌላ ሥራ የሆነው በወርቅ የተለበጠ የጣዎስ ሰዓት ከጉጉቱና ከአውራ ዶሮው ጋር በ1781 ሴንት ፒተርስበርግ የገባው ተፈታትቶ ነበር። ዓመታት ተቀመጠ። በኋላ ኢቫን ኩሊቢን፣ የዱቄት ነጋዴ ልጅ፣ ሰዓት ሥራን በራሱ የተማረ ሰው፣ የተሰበረውን ጠግኖ ገጣጠመው፤ ይኸው ጣዎሱ ዛሬም እዚያው ከተማ ኤርሚታዥ ሙዚየም ውስጥ ጭራውን ይዘረጋል። ሌላ ሰው የሠራውን፣ ሠሪው በሌለበት አንብቦ ማስነሣት ከመሥራት አያንስም። አንተ ዕድሜህን ሙሉ የሠራኸው ይህንኑ አይደል?

አውቃለሁ፣ አሁን ሁሉም ሰዓቱን ስልኩ ላይ ነው የሚያየው። ኪራዩም... እንዴት እንደምለው እንጃ፣ እንዳይከፋህ። ችግሩ ገንዘብ ከሆነ እኔ አለሁ። ብድር በለው፣ ዕቁብ በለው፣ የፈለግኸውን ስም ስጠው። ለነገሩ አንተ እንቢ ማለት ትወዳለህ፤ ልጅ ሆነንም እንደዚሁ ነበርክ።

ቢያንስ ትንሿን ማሽንና የወረንጦዎቹን ሣጥን እስከ ፋሲካ አቆይልኝ፤ እመጣለሁ። ኪራዩ ስንት እንደገባና ገዢው ቀብድ ሰጥቶህ እንደሆነ ዛሬውኑ ጻፍልኝ።

ያው ወንድምህ